«ቪቫ ፍሬሊሞ»፦ ለጎረቤት ድል አደባባይ ወጥተው የታሰሩት ተማሪዎች

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974፣ ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ በደቡብ አፍሪካዋ የወደብ ከተማ ደርባን ሰው ወደ ካሪስ ፋውንቴን ስታዲየም መጉረፍ ጀመረ። ስታዲየሙ ነጭ ያልሆነው የከተማዋ ሕዝብ ኳሱን የሚያይበት ሜዳ ነው። የዚያን ዕለት ግን ኳስ የለም። ተማሪ አለ፣ ከሥራ የወጣ ሠራተኛ አለ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማየት የመጣም አለ። በሩን ፖሊስ ይዞታል፤ ውሾችም አምጥቷል። ስብሰባው መከልከሉ አስቀድሞ ተነግሯል። ሕዝቡ ግን አልተመለሰም። ከስታዲየሙ ውጭ ቆሞ ዘመረ፣ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ፣ «ቪቫ ፍሬሊሞ» እያለ ጮኸ። ፖሊስ በውሻና በዱላ በተነው፤ ብዙዎችም ታሰሩ።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ፍሬሊሞ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት አለመሆኑ ነው። የጎረቤት አገር የሞዛምቢክ ነጻ አውጪ ግንባር ነበር። ደርባን ላይ የወጣው ሕዝብ የራሱን ነጻነት እያከበረ አልነበረም፤ የራሱ ገና 20 ዓመት ይቀረዋል። የሰው ድል ሊያከብር ነው የወጣው። ጥሪውን ያስተላለፉት ተማሪዎችም በዚሁ በዓል ምክንያት ለዓመታት ሮበን ደሴት ላይ ታሰሩ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በየዓመቱ ግንቦት 17 ሲደርስ አዲስ አበባ የአፍሪካ ቀንን ታከብራለች። ባንዲራዎች ይሰቀላሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ የባህል ልብስና ምግብ ይቀርባል። የቀኑ መነሻ ግን እንዲህ አልነበረም። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ ቅኝ ግዛትን ስለማስወገድ ያወጡት አንድ የውሳኔ ሐሳብ ነበር። ዕለቱ «የአፍሪካ ነጻነት ቀን» ተብሎ እንዲታሰብ የወሰነው እሱ ነው። ምክንያቱንም እዚያው ጽፎታል፦ ሕዝባዊ ሰልፎች እንዲደራጁ፣ የጉባኤው ውሳኔ ለሕዝብ እንዲዳረስና መንግሥታት ከሚያዋጡት በላይ ለነጻነት ትግሉ ገንዘብ እንዲሰበሰብ። ያው ሰነድ ገና ነጻ ካልወጡ አገሮች ለሚመጡ ወጣቶች የትምህርትና የሥልጠና ዕድል እንዲሰጥም ያዛል።

እንግዲህ ቀኑ ሲፈጠር የሥራ ቀን ነበር ማለት ነው። ሰው አደባባይ ይወጣል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ተማሪ ይላካል። ከዚሁ ጉባኤ የተወለደውና ኢትዮጵያን ጨምሮ 9 አገሮች የተወከሉበት የነጻነት ኮሚቴ ዳሬ ሰላም ላይ ተቀምጦ ለነጻ አውጪ ድርጅቶች ገንዘብና መሣሪያ ያደርስ ጀመር። ከተቀባዮቹ አንዱ ፍሬሊሞ ነው።

ፍሬሊሞን ለመረዳት ከአንድ ተማሪ መነሳት ይሻላል። ኤድዋርዶ ሞንድላን በ1920 በደቡብ ሞዛምቢክ፣ ጋዛ በሚባለው አካባቢ ተወለዱ። ትምህርት ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግረው ጆሃንስበርግ በሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1948 ግን የአፓርታይድ ፓርቲ ምርጫ አሸነፈ፤ በ1949 የውጭ አገሩ ጥቁር ተማሪ ከዩኒቨርሲቲውም ከአገሪቱም እንዲወጣ ተደረገ።

ሞንድላን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። አገራቸው በገቡ በዚያው ዓመት ሎሬንሶ ማርከሽ (የዛሬዋ ማፑቶ) ውስጥ ኔሳም የተባለ የአፍሪካውያን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። ማኅበሩ ላይ ላዩን የባህልና የጥናት ክበብ ነበር። የፖርቱጋል ፖሊስ ግን ከጅምሩ ጠርጥሮታል፤ ጥርጣሬውም ትክክል ነበር። ልጆቹ ተሰብስበው ያጠኑት የነበረው ቅኝ ገዥው በትምህርት ቤት የማያስተምራቸውን ነው።

ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበረው ዮአኪም ቺሳኖ ሕክምና ለማጥናት ሊዝበን ሄደ። ሊዝበን ውስጥ «የኢምፓየሩ ተማሪዎች ቤት» የሚባል መኖሪያና ክበብ ነበር። መንግሥት በ1944 ያቋቋመው ከቅኝ ግዛቶቹ የሚመጡ ተማሪዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ ለፖርቱጋል ታማኝ አድርጎ ለመቅረጽ ነው። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። የአንጎላው፣ የጊኒ ቢሳዎው፣ የኬፕ ቨርዱና የሞዛምቢኩ ልጅ በየአገሩ ቢቀር ኖሮ ተገናኝቶ አያውቅም። እዚያ ቤት ውስጥ ግን አንድ ማዕድ ቀርቦ አንድ ቋንቋ አወራ። አሚልካር ካብራልና አጎስቲንሆ ኔቶ የዚያ ቤት ሰዎች ናቸው። በ1961 የአንጎላ ጦርነት ሲፈነዳ ወደ 100 የሚጠጉ አፍሪካውያን ተማሪዎች በድብቅ ስፔንን አቋርጠው ፈረንሳይ ገቡ። ቺሳኖም አብሮ ነበር፤ የኋላው የኬፕ ቨርድ ፕሬዚዳንት ፔድሮ ፒሬስም እንዲሁ። የሊዝበን ፖሊስ በ1965 ቤቱን ዘጋው፤ ያኔ ግን ልጆቹ ከወጡ ቆይተዋል።

በ1962 ዳሬ ሰላም ላይ ሦስት የስደተኛ ድርጅቶች ተዋህደው ፍሬሊሞ ተመሠረተ። ሞንድላን አሜሪካ ተምረው ዶክትሬት አግኝተው፣ በተባበሩት መንግሥታት ሠርተውና ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ስለነበር መሪ ሆነው ተመረጡ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1964 የትጥቅ ትግሉ ተጀመረ። ያን ቀን ያዙልን፤ ደርባን ላይ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ሞንድላን ድሉን አላዩትም። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1969 ዳሬ ሰላም ውስጥ በፖስታ የመጣላቸውን የመጽሐፍ ጥቅል ሲከፍቱ ፈንድቶ ገደላቸው።

በዚያው በ1969፣ ሞንድላን በተባረሩባት አገር፣ ሌሎች ተማሪዎች ማኅበር እያቋቋሙ ነበር።

የአፓርታይድ መንግሥት በ1959 ባወጣው ሕግ ጥቁሮችን ከነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች አስወጥቶ በየቋንቋቸው ከፋፍሎ ሰደዳቸው። ለዙሉዎች አንድ ኮሌጅ፣ ለኾሳዎች ሌላ፣ ለሶቶ፣ ለቬንዳና ለጾንጋ ተናጋሪዎች በሰሜን የሚገኘው ተርፍሉፕ፣ ለሕንድ ዝርያዎች ሌላ፣ «ከለርድ» ለሚባሉት ክልሶች ደግሞ ሌላ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ለጆሮ የሚከፋ አልነበረም፦ እያንዳንዱ ብሔር በራሱ ባህልና ቋንቋ ይልማ። ውጤቱ ግን አንዱ የሌላውን ደጅ የማያውቅ፣ ስለ አገሩ ሁሉ ሳይሆን ስለ ሠፈሩ ብቻ የሚከራከር ምሁር ማምረት ነበር። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲያነብ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

በአገሪቱ አንድ ሁሉን አቀፍ ነኝ የሚል የተማሪዎች ኅብረት ነበር፤ ኑሳስ ይባላል። መሪዎቹ በአብዛኛው ለዘብተኛ ነጮች ናቸው፣ አፓርታይድንም ይቃወማሉ። በ1967 ግራሃምስታውን ከተማ ሮድስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጉባኤ ጠሩ። ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ልዑካን ከነጮቹ ጋር በአንድ ማደሪያ አያድሩም አለ። ማደሪያቸው በጥቁሮቹ ሠፈር የሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስቲቭ ቢኮ የተባለው የ20 ዓመት የሕክምና ተማሪ ጉባኤው ይቋረጥ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያከራክር አድሮ ሐሳቡ ወደቀ። ቢኮ ከዚያ ሌሊት የተማረው ነገር ነበር፦ እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ሲመሽ አልጋቸው ላይ ይተኛሉ።

ሳሶ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ድርጅት፣ በ1969 ተርፍሉፕ ላይ ሲመሠረት ቢኮ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ድርጅቱ የሠራው ትልቁ ነገር ሰልፍም ዓመፅም አይደለም። አንድ ቃል ነው የለወጠው። መንግሥት እነሱን «ነጭ ያልሆኑ» ይላቸው ነበር፤ ሰው በሌለው ነገር ተጠራ ማለት ነው። ሳሶ «ጥቁር» የሚለውን ቃል አንስቶ አፍሪካዊውንም፣ ሕንዱንም፣ ክልሱንም በአንድ ስም ጠራ። በሕግ ተለያይተው በተለያየ አውቶቡስ የሚሳፈሩ፣ በተለያየ ሠፈር የሚኖሩ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ የተሻለ መብት የተቆረጠላቸው ሰዎች በአንድ ማኅበር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስትሪኒ ሙድሊና ሳትስ ኩፐር የሕንድ ዝርያ ናቸው፤ ሙንቱ ምዬዛና ሞሲዋ ሌኮታ አፍሪካውያን ናቸው። ኋላ በአንድ የክስ መዝገብ ላይ አብረው ተጻፉ።

ቀላል ሥራ አልነበረም። ትንሽ የተሻለ ያለው ትንሿን ይሳሳላታል፤ ምንም የሌለው ደግሞ ትንሽ ያለውን ይጠረጥራል። ሳሶ ይህን በመፈክር አልፈታውም። ልጆቹን አብሮ አሠራቸው፦ በዕረፍት ጊዜ የመሃይምነት ማጥፊያ ትምህርት፣ የጤና ጣቢያ ሥራ፣ ጋዜጣ፣ ቲያትር። ደርባን በሚገኘው የቢያትሪስ መንገድ ቢሮው ውስጥ ጽሑፍ የሚያባዛውና ፖስታ የሚያጣብቀው ከየወገኑ ነበር።

ከዚህ ትውልድ ውስጥ ስሙ ከደቡብ አፍሪካ ውጭ ብዙም የማይነሳ አንድ ልጅ አለ፤ ኦንክጎፖትሴ ቲሮ ይባላል። ኤፕሪል 29 ቀን 1972 በተርፍሉፕ የምረቃ በዓል ላይ ተመራቂዎችን ወክሎ እንዲናገር ተመረጠ። አዳራሹ ውስጥ ፊት ያሉት ወንበሮች የተያዙት በነጮች ነው፤ ከተመራቂዎቹ ወላጆች ብዙዎቹ ቦታ አጥተው ውጭ ቀርተዋል። ቲሮ ይህንኑ ተናገረ። የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የመጽሐፍ መደብሩም የሥጋ አቅርቦቱም ለነጭ ነጋዴ መሰጠቱን ተናገረ። የባንቱ ትምህርት የሚባለው ሥርዓት ሰውን ለማሳነስ የተሠራ መሆኑን ተናገረ። በምረቃ ቀን! አስተዳደሩ ወዲያው አባረረው። ጓደኞቹ ካልተመለሰ አንማርም አሉ፤ ተማሪው በጅምላ ተባረረ። የትምህርት ማቆም አድማው ግን በሳምንታት ውስጥ በሁሉም የጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ተዳረሰ። በየቋንቋው የተለያዩት ኮሌጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጉዳይ አብረው ቆሙ።

ቲሮ ሶዌቶ ሄዶ ሞሪስ አይዛክሰን በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማር ጀመረ። ወራት ብቻ ነው የቆየው፤ ከዚያም አስወጡት። ቦትስዋና ተሰደደ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1974 በፖስታ ጥቅል መጣለት፤ ሲከፍተው ፈነዳ። ሞንድላን በሞቱ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ዘዴ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ሊዝበን ውስጥ የመኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ። በቅኝ ግዛት ጦርነት የተሰላቸው የፖርቱጋል ጦር የገዛ አገዛዙን ገለበጠ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1974 ሉሳካ ላይ ፖርቱጋልና ፍሬሊሞ ተፈራረሙ። ሴፕቴምበር 20 የሽግግር መንግሥት ቃለ መሐላ ፈጸመ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነው? በ1961 ከሊዝበን የጠፋው ተማሪ ዮአኪም ቺሳኖ፣ በ34 ዓመታቸው።

ይህ ዜና በደቡብ አፍሪካ ምን ያህል እንደከበደ ለመገመት ካርታ ማየት ያስፈልጋል። ሞዛምቢክ የአፓርታይድ የምሥራቅ አጥር ነበረች። ለማዕድን ማውጫው የጉልበት ሠራተኛ የምትልከው እሷ ናት፣ ወደብ የምትሰጠውም እሷ። አሁን አጥሩ ፈረሰ። ንብረታቸውን መኪና ላይ የጫኑ ፖርቱጋላውያን ድንበር ተሻግረው ጆሃንስበርግ ይገቡ ጀመር። ጥቁሩ ሠራተኛ መንገድ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ የነጭ አገዛዝ በጦርነት ሊሸነፍ እንደሚችል ያስተማረው የለም። አሁን በዓይኑ አየ።

ሳሶና «የጥቁር ሕዝቦች ኮንቬንሽን» የተባለው እህት ድርጅቱ የፍሬሊሞ ትግል የተጀመረበትን 10ኛ ዓመት፣ ሴፕቴምበር 25ን፣ በተለያዩ ከተሞች በሕዝባዊ ስብሰባ እናከብራለን ብለው አስታወቁ። ከፍሬሊሞ ተናጋሪ እንጋብዛለን አሉ። የፍትሕና የፖሊስ ሚኒስትሩ ጂሚ ክሩገር በበዓሉ ዋዜማ የሁለቱን ድርጅቶች ስብሰባ ሁሉ ከለከሉ። የደርባኑ ሕዝብ ክልከላውን እየሰማ መጣ። ተርፍሉፕ ላይም ተማሪው በአዳራሹ ተሰበሰበ፤ ፖሊስ ገብቶ በተነ።

መንግሥት የደነገጠው ስታዲየም ደጅ በቆመው ሕዝብ ብዛት አልነበረም፤ ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ በየሳምንቱ ኳስ ለማየት ይሰበሰባል። የደነገጠው ሌላ ነገር አይቶ ነው። ለዓመታት «አንተ ዙሉ ነህ፣ አንተ ሶቶ ነህ፣ አንተ ሕንድ ነህ» ሲባል የኖረ ሰው የሌላ አገር ሕዝብ ድልን «ድሌ» ብሎ ሲጮህ ሰማ። በራሱ አገር የተሰመረውን አጥር ያልተቀበለ ሰው የአውሮፓ መንግሥታት በካርታ ላይ ያሰመሩትንም አልተቀበለም።

በማግስቱ እስሩ ተጀመረ። ቢሮዎች ተፈተሹ፣ መሪዎች በየቤታቸው ተለቀሙ። ለወራት ያለ ክስ ተይዘው ቆዩ። መጨረሻ ላይ 9 ሰዎች በሽብርተኝነት ሕጉ ተከሰው ፕሪቶሪያ ላይ ቀረቡ። ዐቃቤ ሕግ ቦምብ አላቀረበም፣ ጠመንጃም አላቀረበም። ያቀረበው ወረቀት ነው፦ ንግግሮች፣ የስብሰባ ሰነዶች፣ ግጥሞች፣ የቲያትር ጽሑፎች። የክሱ ጭብጥ እነዚህ ጽሑፎች በዘሮች መካከል ጥላቻ ይፈጥራሉ፣ የሕዝብ ጸጥታን ያደፈርሳሉ የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ለብዙ ወራት ግጥም ሲተረጎምለት ሰነበተ።

በዚህም መንግሥት ራሱን ጎዳ። ስቲቭ ቢኮ ከ1973 ጀምሮ በእገዳ ሥር ነበር፤ ካደገበት አካባቢ እንዳይወጣ፣ በስብሰባ እንዳይናገር፣ ቃሉም በጋዜጣ እንዳይጠቀስ ተከልክሏል። በሜይ 1976 ግን የተከሳሾቹ ጠበቆች በመከላከያ ምስክርነት ጠሩት። ለቀናት ምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሞ ጥቁር ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ድርጅቱ ምን እንደሚያምን፣ ዳኛው እያዳመጡ ዐቃቤ ሕጉም እየጠየቀው አስረዳ። በሕግ የተዘጋ አፍ በፍርድ ቤት ተከፈተ።

ቢኮ መስክሮ በወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ሶዌቶ ተነሳች።

ጁን 16 ቀን 1976 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ ሒሳብና ሌላውንም ትምህርት ተማሩ መባላቸውን በመቃወም ወጡ። ያደራጃቸው የራሳቸው ማኅበር ነው፤ በሳሶ ጥላ ያደገ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንቅስቃሴ። ከሰልፉ መሪዎች ዋናው የ19 ዓመቱ ጺየትሲ ማሺኒኒ ነበር። የተማረበት ትምህርት ቤት ሞሪስ አይዛክሰን ነው፤ የታሪክ መምህሩም ቲሮ። ፖሊስ በሕፃናት ላይ ተኮሰ። ዓመፁ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በጥቂት ወራት ውስጥ የሞቱትን 575 አድርሷቸዋል።

9ኙ ተከሳሾች ይህን ሁሉ የሰሙት እስር ላይ ሆነው ነው። በዲሴምበር 1976 ጥፋተኛ ተብለው 5ና 6 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ሮበን ደሴት ተላኩ። ቢኮ በኦገስት 1977 ተያዘ፣ በሴፕቴምበር 12 በፖሊስ እጅ በደረሰበት ድብደባ ሞተ። በኦክቶበር ሳሶ ራሱ ከሌሎች 17 ድርጅቶች ጋር ታገደ። ማኅበሩ የኖረው ስምንት ዓመት ነው።

የደርባኑ ስብሰባ ብልህ እርምጃ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ክልከላው እየታወቀ በተደረገ አንድ ምሽት ድርጅቱ መሪዎቹን አጣ። ብዙ ዓመት የተደከመበት መረብ በሳምንት ውስጥ ተበጣጠሰ። «ትንሽ ቢታገሱ» የሚል ሰው ያኔም ነበር፣ ዛሬም አይጠፋም። በሌላ በኩል ግን መሪዎቹ ሁሉ ታስረው ሶዌቶ መነሳቷ አንድ ነገር ያሳያል፦ ሥራው የተሠራው ከመሪዎቹ በታች፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። ቲሮ ለጥቂት ወራት የቆመበት ጥቁር ሰሌዳ ከአንድ ስታዲየም ስብሰባ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። እንዲህ ሲሆን ደግሞ የስታዲየሙ እልልታ ለሰሌዳው ዋጋ ሰጠው፤ ልጆቹ መምህራቸው የነገራቸው ነገር ሊሆን እንደሚችል በሞዛምቢክ አዩ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1990 ጁን 16ን «የአፍሪካ ሕፃናት ቀን» ብሎ ሰየመው። ኢትዮጵያ ውስጥም በየዓመቱ ሰኔ 9 ይከበራል፤ ፊኛ ይነፋል፣ ልጆች ይዘምራሉ። በዕለቱ የሞቱት ሰልፍ ላይ የነበሩ ተማሪዎች መሆናቸው ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

ስለ አዲስ አበባም መነገር ያለበት አለ። ይህች ከተማ ለነጻነት ትግሉ ያደረገችው በቃል ብቻ አልነበረም። ማንዴላ በ1962 መጥተው በጉባኤ ተናግረዋል፣ ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ በዓለም ፍርድ ቤት ከስሳለች። ነገር ግን በውሳኔው ላይ ሕዝባዊ ሰልፍ እንዲደራጅ የፈረመው መንግሥት በገዛ ከተማው ሰልፍ ሲያይ ሌላ ሰው ነበር። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ ፖሊስ ጠበቃቸው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ተኮሱ። ሞንድላን የተገደሉበትና ሳሶ የተመሠረተበት ያው የ1969 ዓመት መጨረሻ ነው። ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር የሚሄዱት መንገድ ነው።

የደርባን ተማሪዎች ለፍሬሊሞ ሲወጡ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ 13 ቀን ሆኗቸዋል። የተካው ደርግም ስለ አፍሪካ ነጻነት ከማንም በላይ ጮኾ ተናግሯል፤ ራሱን የቻለ የተማሪ ማኅበር ግን አንድ ቀን አልታገሠም። በዚያው በ1967 ዓ.ም. ተማሪውን «እድገት በኅብረት» ብሎ ወደ ገጠር በተነው፤ በኋላ ደግሞ ያደረገውን አገር ያውቀዋል።

ሞዛምቢክ ጁን 25 ቀን 1975 ነጻ ወጣች። የሎሬንሶ ማርከሽ ዩኒቨርሲቲ በዓመቱ ኤድዋርዶ ሞንድላን ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ፍሬሊሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥልጣን ወርዶ አያውቅም። ቺሳኖ በ1986 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2005 በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ በማፑቶ አንድ ሰፊ ጎዳና በስማቸው ተጠርቷል።

በኦክቶበር 2024 አገሪቱ ምርጫ አካሄደች። ፍሬሊሞ አሸነፍኩ አለ፤ የተቃዋሚው እጩ ቬናንሲዮ ሞንድላን ተሰረቅሁ አሉ (በስም ነው እንጂ ከመሥራቹ ጋር ዝምድና የላቸውም)። ኦክቶበር 19 ሌሊት የእጩው ጠበቃ ከአንድ የፓርቲ ባልደረባቸው ጋር መኪና ውስጥ እንዳሉ በጥይት ተገደሉ። የተገደሉት በዮአኪም ቺሳኖ ጎዳና ላይ ነው። በቀጣዮቹ ወራት በተነሳው ተቃውሞ ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የአገሪቱ የሲቪል ማኅበራት መዝግበዋል። ከወጡት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ፍሬሊሞ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የተወለዱ።

ከግድያው ሁለት ቀን በኋላ ወጣቶቹ ጠበቃው ወደ ወደቁበት ቦታ አበባና ወረቀት ይዘው ሄዱ። ፖሊስ ቀድሟቸው ደርሷል፤ ውሾችም አምጥቷል። በቺሳኖ ጎዳና ላይ አስለቃሽ ጋዝ ተኮሰባቸው።